የአባቴ ቮልስ ስንት ታወጣለች?

ባለፈው ክረምት እናቴ ከደሴ ደውላ «ልጄ፣ የአባትህን መኪና በ600 ሺህ ብር ልግዛችሁ የሚል ሰው መጥቷል» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥዬ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት በሐሳቤ እያሰላሁ ስለነበር ነው።

መኪናዋ ቮልስ ናት። አባቴ ደሴ ፒያሳ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። እኔ ከመወለዴ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ግማሹን ካጠራቀመው፣ ግማሹን ከታላቅ ወንድሙ ተበድሮ በ20 ሺህ ብር ገዛት። «እሜቴ» ይላት ነበር። ጠዋት ሞተሯን ሲያስነሳ ሰፈሩ ሁሉ ሰዓት ይሞላበታል። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እሜቴ ግን አሁንም እናቴ ግቢ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። ታናሽ ወንድሜ በሳምንት አንድ ቀን እያስነሳ ያሞቃታል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው ለአንድ ዕቃ ለምን ያን ያህል ገንዘብ እንደሚከፍል ሳስብ ነው የምውለው። 20 ሺህ ብር 600 ሺህ ሲሆን ደግሞ 30 እጥፍ ነው። የትኛው ንግድ ነው 30 እጥፍ የሚያተርፈው? እኔና ባለቤቴ ለጀመርነው ቤት የቀረንን ክፍያ ለመሙላት ስንት ዓመት እየቆጠብን ነው! የእኔ ድርሻ ቢደርሰኝ ትልቅ ቀዳዳ ይደፍንልናል። ስለዚህ «እንሽጣት» አልኩ።

ወንድሜ አልተስማማም። ምክንያቱ ግን ናፍቆት አልነበረም። «አሁን የሚሸጥ ሞኝ ነው። ሁለት ዓመት ብትቆይ ሚሊዮን ትገባለች። በውጭ አገር አሮጌ መኪና ስንት እንደሚሸጥ አታይም?» አለኝ። ኮምቦልቻ ያለችው እህታችን መሐል ገባች፤ እሷንም ተቆጣናት። በስልክ የጀመርነው ክርክር ለሁለት ወር ወደ መኳረፍ አመራ። በመኪና ምክንያት ወንድሜን አለማናገሬን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

የውጭው ጨረታ

ወንድሜ ያለው ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በጀርመን ስቱትጋርት፣ በመርሰዲስ ቤንዝ ሙዚየም ውስጥ በተካሄደ ጨረታ አንድ መኪና በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። ይህ በ1955 የተሠራው 300 ኤስ ኤል አር ኡህለንሃውት ኩፔ የሚባለው መርሰዲስ ነው፤ በዓለም ላይ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በጨረታ ክብረ ወሰኑን ይዞ የነበረው በ1962 የተሠራ ፌራሪ 250 ጂ ቲ ኦ ሲሆን፣ በ2018 በካሊፎርኒያ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ከዚህ ሞዴል የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው «አሮጌ መኪና ወርቅ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እርጅናው አይደለም። እዚያ ገዢው የሚከፍለው ለሦስት ነገር ነው። አንደኛው ብርቅነት ነው። ሁለተኛው ኦርጅናልነት ነው፤ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ፋብሪካው መጀመሪያ ከመዘገበው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሦስተኛው ታሪክ ነው፤ ማን ነዳው፣ የትኛውን ውድድር አሸነፈ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ የሚለው ሁሉ በሰነድ ይጠየቃል።

እሜቴን በእነዚህ ሦስት መመዘኛዎች ስመዝናት ጉዳችን ወጣ። የቮልስ ምርት ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የእኛዋ ሞተር ደግሞ አንዴ ተቀይሯል፤ ቀለሟ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፤ የኋላ መከላከያዋ ከሌላ ቮልስ የመጣ ነው። በታሪክ በኩል አገራችን ውስጥ አንዲት ቮልስ ብቻ ናት ማንም የማይወዳደራት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው። በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በቮልስ የኋላ ወንበር ገብተው ሲሄዱ የሚያስታውስ አዛውንት ዛሬም ስለዚያች መኪና ያወራል። የእኛዋ እሜቴ ታሪኳ ከቤተሰባችን አጥር አይወጣም።

የእኛ ገበያ

ታዲያ 600 ሺህ ብሩ ከየት መጣ? እኛ ጋ የብርቅ መኪና ጨረታ የለም። ጨረታ ሲባል የምናውቀው ባንክ በብድር የያዘውን፣ ወይም ጉምሩክ የወረሰውን ነው። የቮልስን ዋጋ የሚቆርጡት ደላላና ወሬ ናቸው።

ከወሬው ጀርባ ግን እውነተኛ ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አዲስ የሚገባው ሲወደድና ሲጠብ፣ ቀድሞ የገባው ሁሉ ዋጋው አብሮ ይወጣል። ሌላ አገር መኪና ከሻጩ በር በወጣበት ቀን ዋጋው ይወርዳል፤ እኛ አገር አሥር ዓመት ነድተውት ከገዙበት በላይ ይሸጡታል። ይህን ስናይ «አተረፍን» እንላለን።

አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሒሳቡን በደንብ ሠራሁት። አባቴ መኪናዋን ሲገዛ አንድ ዶላር በባንክ ዋጋ 5 ብር ነበር፤ 20 ሺህ ብር ማለት 4,000 ዶላር ነው። በዚያን ጊዜ ዶላሩን 140 ብር ብንለው፣ 600 ሺህ ብር 4,300 ዶላር አይሞላም። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ያው ነው። በ32 ዓመት ውስጥ 30 እጥፍ አደገ ያልኩት ገንዘብ፣ በዶላር ሲታይ ከቆመበት ብዙም አልተነቃነቀም። ዶላሩ ራሱም በእነዚህ ዓመታት የመግዛት አቅሙ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ቀጥዬ እህቴ ፎቶ አንስታ የላከችልኝን የአባቴን ጥቁር ደብተር ደመርኩ። ጎማ፣ ባትሪ፣ ካርቡሬተር፣ ፍሪሲዮን፣ የላሜራ ሥራ፣ ቦሎ፣ ኢንሹራንስ። ሁሉንም በእጁ ጽፏል፤ ከ180 ሺህ ብር በላይ ሆነ።

እንዲህም ሆኖ አባቴ ሞኝ አልነበረም። ያንን 20 ሺህ ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ ባንክ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ ዛሬ 175 ሺህ ብር ገደማ ነበር የሚሆነው። መኪናዋ ሀብታም አላደረገችውም፤ ገንዘቡ እንዳይሟሟ ግን ይዛለታለች። በዚያ ላይ ለብዙ ዓመታት ነድቷታል። ይህን ለወንድሜ ልነግረው ስልኬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። በሒሳብ ልረታው እንደፈለግኩ ያስብብኛል ብዬ ፈራሁ።

ወደ ግሸን

አባቴ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ንግሥ ይሄድ ነበር። በዓሉ ሲደርስ እናቴ ደወለች። «ሁለታችሁም ትመጣላችሁ። በእሜቴ ነው የምንሄደው» አለች። ምክንያት ለመስጠት ፋታ አልሰጠችኝም።

ደሴ ስደርስ ወንድሜ መኪናዋን አጥቦ፣ ፖርቶ መጋላዋ ላይ ስንቅና ጋቢ አስሮ ጠበቀኝ። ተሳሳምን፤ ብዙም አላወራንም። እሱ ነዳ፣ እናቴ ከፊት፣ እኔና እህቴ ከኋላ ሆነን ተነሳን። ሐይቅ ስንደርስ ውሃው ጠዋት ጭጋግ ለብሶ ነበር። ከዋናው አስፋልት ተገንጥለን ወደ አምባሰል ተራሮች ስንገባ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ዳገቱ ላይ ሁለት አዳዲስ መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት ሲያወጡ አየን። እሜቴ በነፋስ የምትቀዘቅዝ ናት፤ የሚፈላ ውሃም ራዲያተርም የላትም። እየተንጎራጎረች በሁለተኛ ማርሽ አለፈቻቸው። ወንድሜ በመስታወት አየኝ፤ ሳይታወቀን ሳቅን።

መንገዱ ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ ድምፅዋን ሰምተው እጃቸውን አነሱ። ወንድሜ አቆመ። «ይህች የዚያ የጨርቅ ነጋዴው መኪና አይደለችም እንዴ? እናቴን ጉልበቷ አልሄድ ብሏት አሳፍሮልኝ ነበር» አሉን። ነፍስ ይማር ተባባልን፤ እኔና እህቴ ተጠጋግተን እሳቸውንም ጫንናቸው።

መኪናዋን አቁመን በእግር ወጣን። ግሸንን ያየ ያውቀዋል፤ አምባው ራሱ በመስቀል ቅርፅ የተቀረፀ ነው፤ ዙሪያውን ገደል ነው። በጥንት ዘመን የነገሥታቱ ልጆች የሚቆዩበት፣ የመንግሥቱም ንብረት የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ነው ተብሎ ይህ ሁሉ ሕዝብ በየዓመቱ ዳገቱን የሚወጣውም ለዚህ ነው። እናቴ ዱላዋን ይዛ እያረፈች ወጣች። ከሦስተኛው ዕረፍታችን ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እኛንም አስቀመጠችን።

«አባታችሁ ይህችን መኪና አንዴ ሸጧት ነበር» አለች።

ሦስታችንም ተያየን። ማናችንም አናውቅም ነበር።

«በ1990 ነው። አንተ አራት ዓመትህ ነበር» አለችኝ። «ሆድህን ታመህ አዲስ አበባ ወስዳችሁ ካልተቀደደ አይተርፍም አሉን። አባትህ በማግሥቱ ለአንድ ነጋዴ በ25 ሺህ ሸጣት። አልተከራከረም። ሁለት ዓመት በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ነው እዚህ የመጣው። በኋላ ያው ሰውዬ ሊሸጣት ሲል በ31 ሺህ፣ በየወሩ እየከፈለ፣ መልሶ ገዛት።»

ሆዴ ላይ ያለውን ጠባሳ አውቀዋለሁ። በስንት እንደተከፈለ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሙያዬ ነገር ሆኖ ከአፌ የወጣው «እና 6 ሺህ ብር ከሰረ ማለት ነው» የሚል ነበር።

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። «ከሰረ? አንተ እኮ እዚህ ተቀምጠሃል።»

ማንም ምንም አልተናገረም። ወንድሜ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። በሁለት ወር ውስጥ ሁለታችንም ያነሳነው ስለ ዋጋዋ ብቻ ነበር፤ እኔ ዛሬ ስለምታወጣው፣ እሱ ነገ ስለምታወጣው። አባቴ ግን መኪናዋን የያዛት ለሌላ ነገር ኖሯል። በደህና ቀን ሰው የሚጫንባት፣ በክፉ ቀን ደግሞ በአንድ ሌሊት ወደ ገንዘብ የምትለወጥ ጥሪት ነበረች። ገበሬ ዘመዶቻችን ላም የሚያኖሩት፣ እናቶቻችን ወርቅ የሚያስቀምጡት ለዚሁ ነው። ላሚቱ ወተት ትሰጣለች፤ የጭንቅ ቀን ሲመጣ ትሸጣለች። «30 እጥፍ ላተርፍባት» ብሎ ላም የሚያረባ ግን የለም።

ያደረግነው

ያን ዕለት ማታ ደሴ ተመልሰን እራት ላይ ተስማማን። እህቴ በወረቀት ጻፈችው፤ ሦስታችንም ፈረምን። መኪናዋ ለትርፍ አትሸጥም። ከሦስታችን ቤት በአንዱ ሕመም ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ቢመጣ፣ ሌሎቹ ሳይከራከሩ በዕለቱ በሚያወጣው ዋጋ ትሸጣለች። የእናታችን ሕክምና ከሁሉም ይቀድማል። የዓመት ወጪዋን ሦስታችን እኩል እንከፍላለን፤ ወንድሜ ይነዳታል፣ ደብተሩንም እሱ ይቀጥላል። ሊብሬውን በእናታችን ስም እንድናዞረውም ተነጋገርን፤ የውርስ ነገር በቃል ከቆየ የሚያጣላው የዛሬዎቹን ወንድማማች ብቻ አይደለም፣ ልጆቻቸውንም ነው።

የቤቱ ክፍያስ? አልተሞላም። እኔና ባለቤቴ እንደ በፊቱ እየቆጠብን ነው። ማስተዋወቂያ የምሠራ ሰው ሆኜ ይህን ማለት ባይገባኝም፣ «ዋጋው በዚህን ያህል እጥፍ ጨመረ» የሚል ወሬ ስሰማ አሁን ቶሎ አልደነግጥም። መጀመሪያ በምን ገንዘብ ተገዛ፣ ለመያዝ ስንት ወጣበት፣ ዛሬ ያ ገንዘብ ምን ይገዛል ብዬ እጠይቃለሁ። ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ቮልስ፣ አሮጌ ፔጆ ወይም ዲ ኤክስ ቆሞባችሁ በዋጋው የምትጨቃጨቁ ካላችሁ፣ ከደላላው በፊት ደብተሩን ተመልከቱ። ከደብተሩም በፊት እናታችሁን ጠይቁ።

ገዢው ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውሎ ነበር አሉ። 650 ሺህ ብር አድርሶታል። እናቴ «መኪናዋ ሥራ ላይ ናት» ብላ ዘጋችበት።