ቁልፉን ወይስ ፊደሉን?

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በወተቷ የምትታወቅ ከተማ ናት። የመመረቂያ ሥራችንም ከዚያው ከሰፈሬ የመጣ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወተት የሚረከቡ ሰዎች የአቅራቢውን ስም ፈልገው ስንት ሊትር እንዳመጣ የሚመዘግቡበት የዌብ ገጽ። እናቴም ከአቅራቢዎቹ አንዷ ናት።

ገጹን መሥራቱ ብዙም አልከበደንም። ያከራከረን ፍለጋውን የሚቀሰቅሰው ምን ይሁን የሚለው ነው። ጓደኛዬ "ኪዳውን ይበቃል፤ ቁልፍ ሲነካ እንስማው" አለ። እኔ ደግሞ "የለም፣ ኢንፑት ነው" አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን። (የካፌው ሻይ ሻጭ ተጠቅሟል።)

እስቲ አንባቢ ይፍረደን። በእንግሊዝኛ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነው። በአማርኛ ግን "ለ"ን ለመጻፍ በብዙዎቹ የኮምፒዩተር መጻፊያዎች ሁለት ቁልፍ እንነካለን፤ መጀመሪያ "ል" ይመጣና ወደ "ለ" ይለወጣል። ኪዳውን የሚነግረን ጣት ቁልፍ መንካቱን እንጂ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን አይደለም። እንዲያውም የሚነሳው ጽሑፉ ከመለወጡ በፊት ስለሆነ ፍለጋው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይቀራል። ሞባይል ላይማ ይብሳል። የአንድሮይድ ኪቦርዶች ብዙ ጊዜ የትኛውም ፊደል ቢነካ 229 የሚል ያው አንድ ቁጥር ነው የሚሰጡት። ወተት ተረካቢ ደግሞ ላፕቶፕ ታቅፎ አይቆምም፣ ያለው ሞባይል ነው!

ኢንፑት የሚነሳው የሳጥኑ ይዘት ከተለወጠ በኋላ ነው። በቁልፍ ይጻፍ፣ ኮፒ ተደርጎ ይለጠፍ፣ በድምፅ ይግባ ግድ የለውም። ጓደኛዬ ግን አንድ ነገር ላይ ትክክል ነበር፤ በቀስት ቁልፍ ከስም ወደ ስም ለመውረድ ኪዳውን ያስፈልጋል። ለዚያ ብቻ አስቀረነው።

"መዝግብ" የሚለው ቁልፍ ላይ ደግሞ ፍጥነት ፈልጎ ተችስታርት ይሁን አለ። እዚህ ላይ አልተስማማሁም። ተችስታርት ጣት ገና እንዳረፈ ይነሳል፤ ዝርዝሩን ወደ ላይ ሊስብ የፈለገ ሰው ሳያስበው 5 ሊትር ይመዘግባል። እናቴ በወር መጨረሻ ገንዘቧን የምትቀበለው በዚያ መዝገብ ነው። ክሊክ ግን ጣቱ እዚያው ቁልፉ ላይ ሲነሳ የሚሠራ ነው፤ ለማውስም ለኢንተር ቁልፍም እንደዚያው ያገለግላል። ስለዚህ ክሊክ ሆነ።

አሁን የቀረን ክርክር "ኃይሉ" እና "ሀይሉ" በፍለጋው አንድ ሰው ይሁኑ አይሁኑ የሚለው ነው። ሻይ ሻጩ ተዘጋጅቶ እየጠበቀን ነው።