አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ሴራሚኩ ላይ ደርቆ የቀረውን ሲሚንቶ ለማስለቀቅ አሲድ ይገዛል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። ወለሉ ላይ ሲፈስ ሲሚንቶው ጭስስ ብሎ አረፋ ይደፍቃል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ደግሞ ከአሲዱ የሚተን ሃይድሮጅን ክሎራይድ። ይኼ ራሱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ የባሰው ግን ገና ነው።

ግንበኛው እንደሄደ የቤቱ እመቤት ወይም ሠራተኛዋ "ሽታው ይጥፋ" ብላ በረኪና ትደፋበታለች። በደንብ ያልታጠበ አሲድ ወለሉ ላይ ወይም ፍሳሽ መውረጃው ውስጥ ካለ፣ ከበረኪናው ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ የጀርመን ጦር በወታደሮች ላይ የለቀቀው ያንኑ ጋዝ ነበር። ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ጎንበስ ብላ የምትፈትግ ሴትና የሚድህ ሕፃን አፍንጫቸው እዚያው ነው። የብዙዎቹ መጸዳጃ ቤቶቻችን መስኮት ደግሞ ከጣሪያ ሥር ያለች ጠባብ ቀዳዳ ናት፤ ውጭ የጣና ነፋስ ቢነፍስ ለዚያ ወለል አይደርስለትም።

ጋዙን ለሳበች ሴት የሚሰጠው "ወተት ጠጪበት" የሚለው ምክር በጣም ያሳስበኛል። ወተት የሚወርደው ሆድ ውስጥ ነው፣ የተጎዳው ሳንባ ነው። ሳሉ በረድ ካለለት በኋላ ማታ ላይ ትንፋሹ የሚያጥር ሰው አለ፤ ሳንባ ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላም ሊሆን ይችላልና። ጭሱን የሳበች ሴት ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ትውጣ፣ ደረቷ ከከበዳት ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ትሂድ፤ ምን ከምን ጋር እንደተደባለቀም ለሐኪሙ ይነገረው።

አደገኛ ኬሚካልን በሕግ መገደብ ይቻላል፤ አገራችን ቀለም ውስጥ ለሚገባው እርሳስ በደንብ ቁጥር 429/2010 ከሚሊዮን 90 እጅ ጣሪያ አበጅታለች። ትልቅ ነገር ነው። የሃይላንዱ አሲድ ግን ምን ያህል የበረታ እንደሆነ የሚገዛውም የሚሸጠውም አያውቅም። ለዚህም ቢያንስ ስሙና አደጋው በአማርኛ የተጻፈበት ጠርሙስ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ባለሱቆች፣ እባካችሁ አሲድ በውሃ ጠርሙስ አትሽጡ፤ የጠማው ልጅ አንስቶ ይጠጣዋል። ቤት የምታስጨርሱም፣ አሲድ የነካው ወለል በብዙ ውሃ ሳይታጠብ፣ በርና መስኮቱ ሳይከፈት ለሠራተኛችሁ በረኪና አትስጧት። ማንበብ ለማትችለውም በቃል ንገሯት።