ውሃው ጥርት ያለ ነበር

አራት ዓሣ ገድያለሁ። የገደልኳቸውም በጭካኔ ሳይሆን በንጽሕና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የሰባት ዓመት ልጁን ለሕክምና አዲስ አበባ ይዟት ሊሄድ ሲነሣ፣ የልጅቷ ጭንቀት መርፌው አልነበረም። «ዓሣዎቼን ማን ያበላልኛል?» ነበር ያለችው። እኔ ደሴ ውስጥ ብቻዬን የምኖር፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጬ የምጽፍ ሰው ነኝና «እኔ አለሁልሽ» አልኳት። ሰማንያ ሊትር የሚይዘው የመስተዋት ገንዳ ከነማጣሪያው፣ አምስቱ ወርቃማ ዓሣዎችም በክዳን ባልዲ ሆነው የሐረጎን ዳገት ወጥተው እኔ ዘንድ ደረሱ።

ገንዳው ሲታይ ደስ አይልም ነበር። መስተዋቱ አረንጓዴ ለብሷል። የማጣሪያው ስፖንጅ አተላ የመሰለ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ተሸክሟል። የሰው አደራ እንዲህ አይያዝም ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። መስተዋቱንና ጠጠሩን በበረኪና ፈተግኩ፤ አለቀለቅኩ። ስፖንጁን ነጭ እስኪሆን አሸሁት። ከዚያ ገንዳውን በቀጥታ ከቧንቧ ሞላሁና ዓሣዎቹን መለስኳቸው። ውሃው ጥርት አለ፤ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይለምኑ ጀመር። በአምስተኛው ቀን አንዱ በጎኑ ተንሳፈፈ። ሳምንቱ ሲሞላ የቀረው ጅራቱ ነጣ ያለው አንዱ ብቻ ነበር። ውሃው ግን እስከ መጨረሻው ጥርት እንዳለ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል የወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ኬሚስትሪ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ። እሱም ቀድሞ ዓሣ ያረባ ነበርና ከውጭ አገር ያስመጣትን ትንሽ የመመርመሪያ ሣጥን ይዞ መጣ። ከገንዳው ውሃ በብልቃጥ ቀድቶ ከሁለት ጠርሙሶች ጥቂት ጠብታ አንጠባጠበበትና ጠበቅን። ደህና ቢሆን ቢጫ ሆኖ መቅረት ነበረበት። የእኔ ውሃ ግን እንደ ቄጠማ አረንጓዴ ሆነ።

«ምን አድርገህ ነበር?» አለኝ።

ያጠብኩትን ሁሉ በዝርዝር ነገርኩት።

«የጽዳት ሠራተኞቹን ፈጅተሃቸዋላ!» አለኝ።

ያስረዳኝ ነገር እነሆ። ዓሣ የሚኖረው ቆሻሻውን በሚጥልበት ውሃ ውስጥ ነው። በስንጥቡ በኩል አሞንያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግቡም ሲበሰብስ አሞንያ ይሆናል። አሞንያ በውሃ ውስጥ ቀለም የለውም፤ ዓይን አያየውም። ወንዝ ቢሆን ጠርጎ ይወስደው ነበር፤ ገንዳ ግን መውጫ የለውም። እዚያ ዓሣውን የሚያኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ይህም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ተቀብሎ ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት ያደርሰዋል። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ ተረዳድተው መኖር እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ1850 ጽፎ ነበር። እነዚህን የማይታዩ ሠራተኞች ግን ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ለይቶ ያወጣቸው ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ቤታቸውም ያ እኔ ያሸሁት አተላ ነበር። ቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን እኛን ከበሽታ ይጠብቀናል እንጂ ጠላትና ወዳጅ አይለይም፤ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ የዓሣውንም ስንጥብ ያቃጥላል።

የደሴ ከፍታም አላገዘኝም። ከኮምቦልቻ እዚህ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ዓሣዎቹ ግን ከ1,850 ሜትር ግድም ወደ 2,500 ሜትር ግድም ወጥተዋል። አየሩ ሲሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። እዚህ ያለ ውሃ፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለ እኩል ሙቀት ያለው ውሃ ከሚይዘው ኦክስጅን ሦስት አራተኛ ያህሉን ነው የሚይዘው። ብርዱ ጥቂት ይክሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ይበልጥ ይይዛልና። ያው ብርድ ግን የባክቴሪያዎቹን መራባት ያዘገየዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድ ዓሣ አስታማሚ ሆንኩ። በየማለዳው አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም የገንዳውን ሩብ፣ እቀይራለሁ። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን አንድ ቀን ሙሉ አፉ በሰፊ ባልዲ ውስጥ ያድራል፤ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይመሳሰላል። ምግቡን ቀነስኩ። ስፖንጁን ዳግመኛ ቧንቧ ሥር አላቀረብኩትም፤ ሲደፈን ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ብቻ ለቅለቅ አደርገዋለሁ። የብልቃጡን ቀለም ከነቀኑ በደብተር እጽፋለሁ።

አከራዬ ግን ዝም ሊሉኝ አልቻሉም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ሙሉ ለዓሣ!

«አንተ ልጅ፣ ከነልቡናህ ነህ?» አሉኝ።

በማግስቱ ከገንዳው የወጣውን ውሃ ለጓሮ ጎመናቸው ወሰድኩላቸው። ናይትሬት ለተክል ማዳበሪያ ነው። ጎመኑ ሲፋፋ እርሳቸውም ተለሳልሰው ምክር ጀመሩ። «አብሽር፤ ይልቅ ከሐይቅ ውሃ አስመጣለት፤ ዓሣ የለመደው እሱን ነው» አሉኝ። ለመምህሩ ብነግረው ሳቀ። የሐይቅ ውሃ መውጫ ወንዝ ስለሌለው አልካላይን ነው። ፒኤች በአንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ የአሞንያው መርዛማ ክፍል ወደ ዐሥር እጥፍ ይጠጋል። ሐይቅ ውስጥ ያለው ዓሣ የሐይቅ ነው፤ የእኔው ሌላ።

በሦስተኛው ሳምንት አሞንያው መውረድ ጀመረ፤ ናይትራይቱ ግን ወጣ። በስምንተኛው ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። የቀረው ናይትሬት ብቻ ነው፤ እሱንም በሳምንት አንድ ጀሪካን መቀየር ይበቃዋል። ስፖንጁም ቡናማ አተላውን መልሶ ለበሰ። እንደዚያ ያለ ቆሻሻ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የልጅቷ መምጫ ሲቃረብ ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ነገር መከሩኝ። «አዲስ አበባ ሰው ልከህ አራት ተመሳሳይ ግዛ፤ ልጅ ናት፣ አትለይም።» እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘቡን ቆጥሬ በፖስታ አስቀምጬ ነበር። የከለከለኝ ከወንድሜ ጋር በስልክ ያወራሁት ነገር ነው። «ስታያት ምንም የሆነች አትመስልም፤ ትስቃለች፣ ትሮጣለች። የደሟ ውጤት ሲመጣ ነው የምንደነግጠው» ብሎኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ጥርት ያለ ውሃ እንዴት እንደሚዋሽ ስማር ከርሜ፣ እኔው ራሴ አንድ ጥርት ያለ ውሸት ላዘጋጅላት አልፈለግሁም።

ገንዳውንና አንዱን ዓሣ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስፖንጁን በራሱ ውሃ ውስጥ፣ ዓሣውን በባልዲ። ልጅቷ ከስታ፣ ግን ዓይኗ በርቶ ጠበቀችኝ። አራቱን እኔ እንደገደልኳቸው ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ፦

«አጎቴ፣ ውሃው ቆሽሾ ነበር?» አለችኝ።

«አይ፤ ጥርት ያለ ነበር። እኔ ሳልመረምረው ነው።»

ብልቃጡን አውጥቼ አሳየኋት። ገለባበጠችው። «የእኔንም ደም እንዲህ ባለው ነው የሚወስዱት» አለችና ከገንዳው እንድቀዳላት ጠየቀችኝ። ጠብታዎቹን ራሷ ቆጠረች። ዐምስቱን ደቂቃ ቁጭ ብላ፣ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ጠበቀች።

ቢጫ ሆኖ ቀረ። ደብተሩን ተቀበለችኝና ከእኔ ጽሑፍ ሥር፣ በራሷ እጅ፣ ቀኑንና ዜሮዋን ጻፈች።