ለነብሮ ሰው ስንፈልግ

የዚያን ዓመት ፋሲካ ጎንደር፣ እናቴ ዘንድ ለመዋል ቤተሰቡ በሙሉ ተስማማ። ቲኬት ተቆረጠ፣ ሻንጣው ተሸካከፈ፤ የቀረን የነብሮ ጉዳይ ነበር። ነብሮ የአዲስ አበባ ግቢያችንን የሚጠብቅ ውሻ ነው፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ በልጆቼ እጅ ያደገ። ልጆቹ “ለማንም ጥለነው አንሄድም” ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። እኔም የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም።

አክስቴ ወዲያው ልጇን አቀረበችልኝ። “የሥጋ ዘመድ እያለ ባዕድ ግቢሽ ይገባል?” አለችኝ። ልጁን እወደዋለሁ፤ ጨዋ ነው፣ የቤቴን ቁልፍ ብሰጠው መርፌ አይጎድልም። ለውሻ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ከነብሮ ጋር ሳገናኘው ቀጥ ብሎ ሄዶ ራሱን ሊደባብሰው እጁን ሰነዘረ፤ ነብሮ ጆሮውን አጥፎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ልብ አላለም። ስለ ምግቡ ስነግረው “አታስቢ”፣ ስለ በሩ ስነግረው “አታስቢ” ይለኛል። በመጨረሻ “አንድ ነገር ቢሆንብህስ?” አልኩት።

“ለበዓል ሄደሽማ አላስጨንቅሽም፤ ስትመለሺ እነግርሻለሁ።”

ይህን ያለው ከደግነት ነው። እኛ ዘንድ መንገደኛን ክፉ ወሬ አያሰሙትም፤ ውጭ አገር ካለ ሰው የእናቱ ሞት እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪያረዳው ድረስ ይደበቃል። ልማዱን ለኀዘን አከብረዋለሁ። ለታመመ እንስሳ ግን አደገኛ ነው። ውሻ አፍ አውጥቶ “አመመኝ” አይልም፤ የሚናገርለት አብሮት ያለው ሰው ብቻ ነው።

በሰፈራችን ዕድሜያቸውን በጥበቃ ሥራ ያሳለፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ አሉ። ግቢ ሲገቡ ነብሮን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። በርጩማ ስበው ጎናቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። ቀስ እያለ መጥቶ መጀመሪያ ጫማቸውን፣ ከዚያ እጃቸውን አሸተተ። እሳቸው እጃቸውን ያነሱት እሱ አገጩን ጉልበታቸው ላይ ካሳረፈ በኋላ ነው። ከዚያ ጥያቄው ተከተለ። ነክሶ ያውቃል? መብረቅ ሲጮህ የት ይደበቃል? በሩ ሲከፈት ሹልክ ይላል? የእብድ ውሻ ክትባት መቼ ተከተበ? ወረቀቱን ሳመጣላቸው ቀኑን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት፣ የነከሰውም ውሻ ለ10 ቀን ተይዞ መታየት እንዳለበት ሳልነግራቸው ያውቃሉ።

“ሁዳዴን ምን ሲበላ ከረመ?” አሉኝ ደግሞ። የበቆሎ ገንፎ፣ አልፎ አልፎ የተቀቀለ ሳንባ አልኳቸው። “እንግዲያው የፋሲካ ቅባት ድንገት ካገኘ ሆዱ ይበላሻል፤ ከአጥር የሚወረወረውን መጠበቅ ነው።”

“አንድ ነገር ቢሆንብዎስ?” የሚለውን ጥያቄ ለእሳቸውም አቀረብኩ። “እደውላለሁ” አሉ፣ “ሌሊትም ቢሆን ትነሻለሽ።”

አክስቴ ተቀየመች። እኔ ግን ጋሼ እኛ ገና ሳንሄድ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ እንዲያድሩ፣ ነብሮም እንዲለምዳቸው አደረግሁ። የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ በትልቁ ጻፍኩላቸው፤ ለሕክምናና ለታክሲ የሚሆን ገንዘብም ለብቻው ሰጠኋቸው።

በፋሲካ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ እናቴ ቤት ቡና እየተፈላ ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ “እንኳን አደረሳችሁ” አሉና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገቡ። ጎረቤታችን እትዬ፣ በዓሉ ለእሱም ይድረሰው ብለው፣ አጥንቱን ለቅመው እንጀራ በዶሮ ወጥ አርሰው በአጥር ሥር አቀብለውታል። ጋሼ ሲደርሱ ሳህኑ ተልሷል። ምን ያህል እንደነበር እትዬን ጠይቀዋል፤ ሐኪሙ ጋ ደውለዋል፤ ታክሲ በር ላይ ቆሟል። “እንድታውቂው ነው” አሉኝ።

ዶሮ ወጥ ማለት አብዛኛው ሽንኩርት ነው። ቀዩም ነጩም ሽንኩርት፣ ቢቁላላም ቢበስልም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ክፋቱ በዚያው ዕለት ላይታይ መቻሉ ነው፤ ድዱ የሚገረጣው፣ ሽንቱ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው። “ስትመለሺ እነግርሻለሁ” ተብሎ የሚቆይ ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ምግቡ ከሆዱ ሳያልፍ አስመለሰው። ጋሼም ከዚያ ወዲያ በየማታው እየደወሉ የድዱን ቀለም ይነግሩኝ ነበር፤ “ቀይ ነው፣ ዛሬም ቀይ ነው።” ልጆቼ ይህን ሳይሰሙ አይተኙም።

እትዬን ማንም አልወቀሳቸውም። ስንመለስ ራሳቸው መጥተው ለነብሮ ምን ምን መስጠት እንደሚችሉ ጠየቁኝ፤ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ተነጋገርን።

ጋሼ የተረፈውን ገንዘብ ከነደረሰኙ አስረከቡኝ። በክረምት ደግሞ ጎንደር እንደምንሄድ ቀኑን ሳልቆርጥ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ “በዚያ ጊዜ ክትባቱ ያልፍበታል” አሉኝ፤ “መጀመሪያ አስከትቢው።”