መጀመሪያ መቅዳት፣ ከዚያ መጠገን

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ስለ ኮምፒዩተር ዲስክ ነው። «ይኼ የኮምፒዩተር መምህራን ነገር ነው፤ እኔ የማስተምረው አማርኛ ነው፣ እኔ ሒሳብ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ። ነገ ተመርቃችሁ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ አንድ ኮምፒዩተር ታገኙ ይሆናል። በውስጡ ማርኩ፣ ሮስተሩ፣ የመልቀቂያው መዝገብ፣ ባጠቃላይ የልጆች የዓመታት ልፋት ተቀምጧል። ያ ኮምፒዩተር የታመመ ዕለት ምን ይደረጋል? እኔ ካየሁት ተነሥቼ ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። ባክአፕ ማለት መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ከባክአፕ ዓይነቶች አንዱ ኢሜጅ ይባላል። ይህም ፋይል እየመረጡ ከመቅዳት ይለያል፤ ዲስኩን እንዳለ፣ ዊንዶውሱንም ፕሮግራሙንም ሰነዱንም ጨምሮ፣ በአንድ ትልቅ ፋይል ማስቀመጥ ነው። ዲስኩ አንድ ቀን ቢሞት ኢሜጁ በአዲስ ዲስክ ላይ ይገለበጥና ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። ችግሩ የሚመጣው ኢሜጁ እየተወሰደ ሳለ ፕሮግራሙ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ «ዲስኩን ማንበብ አልተቻለም» ሲል ነው።

በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. የካርድ መስጫው ቀን አራት ቀን ሲቀረው ከአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። የትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር መምህር ወጣት ነው፣ ጠንቃቃም ነው። ሮስተሩ ከመታተሙ በፊት ኢሜጅ ልውሰድ ብሎ ጀምሮ ነበር። 34 በመቶ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ቢጀምር እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። የወጣው የስህተት ቁጥር 23 ነው። ይህ ቁጥር በዊንዶውስ ዘንድ ከዲስኩ የተነበበው መረጃ በማረጋገጫው ሒሳብ ሲፈተሽ አልገጠመም ማለት ነው።

እኔ ስደርስ ክፍሉ በምክር ተሞልቶ ጠበቀኝ። ርዕሰ መምህርቷ «መምህር፣ ባለሙያ ቤት ወስደን ፎርማት ቢደረግስ?» አሉኝ። ጸሐፊዋ «ትንሽ አጥፍተን ብናሳርፈው ይሻለዋል» አለች። ወጣቱ መምህር ደግሞ «ጋሼ፣ በቼክዲስክ መጥፎውን ቦታ ልጠግነውና ከዚያ ኢሜጁን ልውሰድ» አለ። ፎርማቱ ሮስተሩን ጠርጎ ስለሚያጠፋ ለጊዜው ይቆይ አልኩ። የወጣቱ ሐሳብ ግን በብዙ መመሪያ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ስለሆነ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። የተለያየነው በቅደም ተከተሉ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ዲስኩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ነው፤ አብዛኞቹ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራሉ። አንባቢው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ይንሳፈፋል። መረጃው የሚቀመጠው ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ መደቦች ነው። አንዱ መደብ 512 ባይት ይይዛል፤ በአዳዲሶቹ ዲስኮች ውስጥ 4,096 ባይት ሆኗል። የዚያ ትምህርት ቤት ዲስክ 500 ጊጋባይት ነው፤ ባለ 512 ባይቱን መደብ ብንቆጥር 976,773,168 ሴክተር አለው። በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አቀማመጥ አንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ አንድ ሴክተር 170 ፊደል ያህል ይይዛል።

«ታዲያ ከዘጠኝ መቶ ሚሊዮን በላይ ከሆነው ውስጥ አንዲት 170 ፊደል ብትጠፋ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ይጎዳል እንጂ! የዛሬው የኤክሴል ፋይል ተጨምቆ የሚቀመጥ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ሴክተር ብቻ ቢጎድል ፋይሉ በሙሉ አልከፈትም ሊል ይችላል። የአንድ ክፍል ሮስተር ሄደ ማለት ነው።

ዲስኩ አንድ ሴክተር ማንበብ ሲያቅተው ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም፤ ደጋግሞ ይሞክራል። ካልሆነለት ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል፣ ቦታውንም በጥርጣሬ ይመዘግበዋል። ያ ቦታ ዲስኩ ለክፉ ቀን ባስቀመጠው ትርፍ ሴክተር የሚተካው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ነው። ልብ በሉ፣ ሲጻፍበት! ያን ጊዜ ዲስኩ ዳነ ይባላል፤ የቀድሞው ጽሑፍ ግን የለም። ጠጋኙ ፕሮግራምም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፣ የፋይሎቹን መዝገብ ያስተካክላል፣ ይህንንም የሚጽፈው በዚያው በታመመው ዲስክ ላይ ነው። ዓላማው ዲስኩ እንደገና እንዲያገለግል ማድረግ ነው። የእኛ ዓላማ የ8ኛ «ሐ»ን ሮስተር ማዳን ነበር። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተቀዳደደ መጽሐፍ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚነበበውን ይገለብጣል፣ ጥረዛውን ከዚያ በኋላ ያስባል።

ስለዚህ ሥራችንን እንዲህ አደረግን። አንደኛ፣ ዲስኩ ራሱ ስለ ጤንነቱ የሚይዘውን መዝገብ አነበብን። ስማርት ይባላል፤ በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች ይታያል። ለእኛ የሚያስፈልጉን ሦስት ተራ ቁጥሮች ናቸው። 5 የተተኩትን ሴክተሮች ብዛት፣ 197 በጥርጣሬ የተያዙትን፣ 199 ደግሞ በዲስኩና በኮምፒዩተሩ መካከል ባለው መስመር ላይ የተፈጠረውን ስህተት ይቆጥራሉ። 199 እያደገ ከሄደ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ ገመዱን መለወጥ ይበቃል። በዚያ ዲስክ ላይ 199 ዜሮ ነበር፣ 197 ግን አልነበረም። ስህተቱ ከሚነበበው ዲስክ ነው ወይስ ከሚጻፍበት የሚለውንም አጣራን፤ የተቀባዩን ጥፋት በሰጪው ላይ መለጠፍ የተለመደ ነውና።

ሁለተኛ፣ ዊንዶውሱን ዘግተን ኮምፒዩተሩን ሊኑክስ ካለበት ፍላሽ አስነሣነው፤ በታመመው ዲስክ ላይ ምንም እንዳይጻፍ። ከሁሉ በፊት የሮስተሩን ፎልደር ቀዳን። ከ16 ክፍል የ15ቱ ወጣ። የ8ኛ «ሐ» እምቢ አለ።

ሦስተኛ፣ ዲዲሬስኪው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክ መቅዳት ጀመርን። የዚህ ፕሮግራም ብልሃቱ መጀመሪያ ደህናውን ቦታ ሁሉ መሰብሰቡና አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ማቆየቱ ነው። የተነበበውንና ያልተነበበውንም በካርታ ፋይል ይመዘግባል። ካርታውን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጥነው። ደግ አደረግን፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ድርግም አለ! ወጣቱ መምህር ራሱን ያዘ። መብራቱ ሲመለስ ግን ፕሮግራሙ ካርታውን አይቶ ካቆመበት ቀጠለ። ካርታው ባይኖር ኖሮ ያን የደከመ ዲስክ ከሀ ጀምሮ እንደገና ማሠቃየት ነበረብን።

በማግስቱ ያልተነበቡት 40 ሴክተሮች ብቻ ነበሩ። የፋይል ስህተቱን የጠገንነው ያን ጊዜ ነው፤ እሱም በቅጂው ላይ። ኮምፒዩተሩ በአዲሱ ዲስክ ተነሣ። የ8ኛ «ሐ» ፋይል ግን አልተከፈተም። የክፍሉ ኃላፊ መምህር በእጅ የተጻፈውን የማርክ ዝርዝር አልጣሉትም ነበር። እሱን ከመሳቢያቸው አወጡና ሦስት ሆነን እስከ ምሽት ድረስ ገለበጥነው። ካርዱ በቀኑ ተሰጠ።

በሥራው መካከል ወጣቱ ጥሩ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። «ጋሼ፣ የኢሜጅ ፕሮግራሙ ‹መጥፎ ሴክተሮችን እለፍ› የሚል ምርጫ አለው። እሱን ብጫነው ኖሮ አያልቅም ነበር?» ያልቅ ነበር። ክሎንዚላም ቢሆን እንዲህ ያለ ምርጫ አለው፤ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ይጠቅማል። ግን የሚሆነውን እንወቅ። ያልተነበበው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀመጥና በመጨረሻ «በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ኢሜጁን አረጋግጥ ብትሉትም የሚያረጋግጠው የተቀመጠው ፋይል አለመበላሸቱን ነው፤ የጎደለውን አይሞላም። ስለዚህ ይህን ምርጫ የተጫነ ሰው ቀጥሎ አስፈላጊ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ማየት አለበት።

ያልተሞከረ ቅጂ በትልልቆቹም ዘንድ አሳፍሯል። በ1998 እ.ኤ.አ. «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም ሲዘጋጅ ፋይሎቹ በስህተት ተሰረዙ። አዘጋጆቹ መጠባበቂያቸው እንደማይሠራ ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ሥራውን ያተረፈችው አንዲት ሠራተኛ በቤቷ ሆና ለመሥራት ወስዳው የነበረችው ቅጂ ናት።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ ከዚህ ምን እንያዝ? ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው የሚወጣው ጽሑፍ እንደ ሐኪም ወረቀት ነውና በችኮላ አትለፉት። ሥራ አቁሙ፤ ገመዱንና የጤና መዝገቡን እዩ፤ የማይተካውን አስቀድማችሁ ቅዱ፤ ቀጥሎ ሙሉውን ቅዱ፤ ጥገናውን በቅጂው ላይ አድርጉ፤ ቅጂውንም ከፍታችሁ ፈትኑ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው። በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ሁለት ቅጂ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ በእጅ የተጻፈው የማርክ ዝርዝርም ካርድ እስኪሰጥ ከመሳቢያ አይውጣ። ዲስክ ከገበያ ይገዛል፤ ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ማርክ ግን ከየትም አይገዛም።

የጤና መዝገቡን እንዴት እንደሚነበብ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ያገኘኛል። ያ የታመመው ዲስክ በርዕሰ መምህርቷ ፈቃድ፣ የተማሪዎቹ መረጃ ከጠፋ በኋላ፣ ለማስተማሪያ እኔ ዘንድ ተቀምጧል።