ፍሬም ውስጥ የገባች የብራና ገጽ

ዛሬ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የባህል ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። ግድግዳው ላይ አንዲት የብራና ገጽ በመስታወት ፍሬም ተሰቅላለች። ቀዩ ቀለም ገና አልደበዘዘም፤ በአንድ ጠርዟ የተሰፋችበት ቀዳዳ ይታያል።

«ቀሪው መጽሐፍስ?» አልኩት ሻጩን።

«ኧረ እኔ እንጃ፣ እንዲሁ ነው የመጣችው።»

ወዲያው የመቅደላ ነገር ትዝ አለኝ። በ1868 (ዘመኑን በፈረንጆቹ ልጥራው) የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ከፊሉ ሙዚየም ገባ፣ ከፊሉ ደግሞ በመኮንኖቹ ሻንጣ ቤታቸው። ከቤተሰብ ቤተሰብ ሲተላለፍ ኖሮ በ2021 ጥቂቱ ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ ሲወጣ ነው መኖሩን እንኳ የሰማነው። ኤምባሲያችን ተቃውሞ ጨረታው ቀረ፤ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ገዝቶ አስረከበን።

ጨረታ ባይወጣስ ማን ያውቅ ነበር?

እንዲህ ያለ ቅርስ በቤቱ የሚያኖር ሰብሳቢን ሁሉ ሌባ ማለት ግን አይሆንልኝም። የሰፈር ባለሱቅ ስኳር ከሚጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ መሀል ስንቱን መርጠው ያተረፉልን እነሱ ናቸው።

እኔ የምወደው ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የአገራችን የብራና መጻሕፍት ነገር ነው። መጽሐፉ ከባለቤቱ ዘንድ ቀረ፣ ቅጂው አዲስ አበባና አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ዛሬ ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ።

እና ሰብሳቢ ወዳጆቼ፣ እስቲ ንገሩኝ፦ ዕቃው የእናንተው ሆኖ ፎቶውን ለሕዝብ ብትለቁ ምን ይጎድልባችኋል? ዋጋው ይወርዳል ብላችሁ ነው? ወይስ አንድ ቀን መጥተው ይወስዱብናል ብላችሁ?

ሁለተኛው ከሆነ እንኳ አይፈረድባችሁም።