መድኃኒቱ ቅርብ ሲሆን

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታገሱኝ። በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ጤና ጣቢያና ወረዳ ጽ/ቤት የምትሠሩት፣ የምጽፈው ለናንተ ነው።

ስለ አእምሮ ጤና ሲወራ ሁሌ የምሰማት አንዲት ነገር አለች፤ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል»። አይጎድለውም አልልም። ግን ያደግኩበት ሶዶ ጉራጌ ያሳየኝ ሌላም ነገር አለ። የታመመ ልጁን በሰንሰለት የሚያስር አባት ልጁን ጠልቶ አይደለም። ሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባ፣ መኪና እንዳይገጨው፣ ሰው መትቶ ጣጣ እንዳያመጣ ፈርቶ ነው። ሰብስባችሁ «ማሰር ነውር ነው» ብትሉት አንገቱን ደፍቶ ይሰማችኋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ግን ሕመሙ እዚያው ይጠብቀዋል።

ታናሽ ወንድሜ (ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው) ሲታመም ጸበል ወሰድነው። ከዚያ አዲስ አበባ መጣ። መድኃኒቱ ሠራለት። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየወሩ ለክኒን ብሎ ሁለት ሰው ይሳፈራል፣ ዘመድ ቤት ያድራል፣ ይሰለፋል፣ ይመለሳል። እናቴ መጀመሪያ በግ ሸጠች፤ ቀጥላ ጊደሯን። ከዚያ የሚሸጥ ጠፋ፣ ክኒኑም ቆመ። የጎደላት ግንዛቤ ሳይሆን የመሳፈሪያ ብር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ በሶዶ ወረዳ ፕራይም የሚባል ሥራ ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ጤና ሚኒስቴር ነበሩበት። የሥነ አእምሮ ሐኪም እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ አገራችን ውስጥ ስፔሻሊስቱን ማሠልጠን የተጀመረው ራሱ በ1995 ዓ.ም. ነው። ይልቅ እዚያው ጤና ጣቢያ ያሉት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠለጠኑ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ቤት ለቤት ሲዞሩ የታመመ ሰው ካዩ ወደዚያ ይልካሉ።

ውጤቱን ሳነብ እንባዬ መጣ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ኖሮባቸው ሕክምናውን ከጀመሩት ውስጥ ከ4 ሰው አንዱ ያህል ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታስሮ ያውቃል። ከ12 ወር በኋላ ከ10 ሰው ወደ አንድ ገደማ ወረደ። መድኃኒቱ ሲቀርብ ብዙ ቤተሰብ በራሱ እጅ ሰንሰለቱን ፈታ ማለት ነው።

ወንድሜ ዛሬ መድኃኒቱን የሚያመጣው 40 ደቂቃ በእግሩ ሄዶ ነው። ብቻውን። ጤፍ ያጭዳል። ዕድር ውስጥ በራሱ ስም ተመዝግቧል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል እሱም ካስማ ይመታል። ለኛ ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ባለፈው ክረምት «መድኃኒቱ አልቋል» ተባለ። የሠለጠነችው ነርስም ተዛውራለች። በሁለተኛው ወር እንቅልፍ እምቢ አለው። እናቴ ደወለችልኝ። የሰንሰለቱን ነገር አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ጎተራው ሥር እንዳለ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ ከአዲስ አበባ ገዝቼ በሚኒባስ ሹፌር ላክሁለት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ሆነ። አዲስ አበባ ወንድም የሌለውስ ምን ይሁን?

አገራችን የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ይውረድ ይላል። ጥሩ ብሏል። ለእናቴ ግን ስትራቴጂ ማለት ክኒኑ መደርደሪያው ላይ መኖሩ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የምትሠሩበት ቦታ ሦስት ነገር ጠይቁልኝ።

አንደኛ፣ ጤና ጣቢያችሁ መድኃኒት ሲጠይቅ የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ?

ሁለተኛ፣ የሠለጠነው ባለሙያ ሲዛወር የሚተካው ሰው ይሠለጥናል ወይ?

ሦስተኛ፣ የጤና መድህን መዋጮ የከፈለ ሰው ይሄን መድኃኒት በመታወቂያው ያገኛል ወይስ «ውጭ ግዛ» ይባላል?

የዕድር ዳኛ የሆናችሁም በወር ስብሰባችሁ ላይ አንሱት። ዕድር ሲሞት ብቻ ሳይሆን በሕይወት እያለም ሰውን መያዝ ያውቅበታል።

መልሱን ስታገኙ ጻፉልኝ። «የለም» የሚለውንም ጭምር፤ እሱን ይዘን ነው የምንሄደው።

ሰላም ዋሉልኝ።